ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ጥያቄ፦ የምዝገባ ቅጽ እየሠራሁ ነው። ተጠቃሚው ሲሳሳት ከገጹ አናት ላይ በቀይ «ያስገቡት መረጃ ትክክል አይደለም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሰዎች ግን ስህተታቸውን አያገኙትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልእክቱን ከአናት አውርደህ ከተሳሳተው ሳጥን ሥር አድርገው። «ትክክል አይደለም» ብቻውን ለማንም ምንም አይነግረውም። «ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ይጎድለዋል» ብትለው ግን ወዲያው ያስተካክላል። የጻፈውንም አታጥፋበት። እኔ አንዴ ረጅም ቅጽ ሞልቼ ጨረስኩ። የይለፍ ቃሌ አጠረና ገጹ ተመልሶ ሲከፈት፣ ስሜም አድራሻዬም ሁሉም ጠፍቶ ባዶ ሳጥን ጠበቀኝ። ተናድጄ ትቼው ወጣሁ።

ቀይ ቀለም ብቻውን አይበቃም። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ፣ በተለይ ወንዶች። ከጽሑፉ ፊት ምልክት ጨምር፤ የሳጥኑንም ጠርዝ አወፍረው። በነጭ ላይ ፈዛዛ ቀይ አትጠቀም። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል። መልእክቱን በገጹ ኮድ ውስጥ «ኤሪያ ዲስክራይብድባይ» (aria-describedby) በሚባለው መለያ ከሳጥኑ ጋር እሰረው፤ ስክሪን ሪደር (የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ለሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን አብሮ ይነበብላቸዋል።

ደግሞ ሰውየው ገና እየጻፈ ሳለ አትጩህበት። ከሳጥኑ ሲወጣ ብትነግረው ይደርሳል።