ሽጉጥ የተባለው ስለሚሸጎጥ ነው

ቤቴ ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት 22 ዓመት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ቆጥሬ ስረከብ፣ ቆጥሬ ሳስረክብ ዕድሜዬ አለቀ። ባለፈው እሁድ የዕድር ስብሰባው እንዳበቃ አንድ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ስለ ሽጉጥ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ወንበሩን ሳበ። እስኪመሽ ተያዝኩ። ግማሹን እዚያው መለስኩ፤ ለቀረው «ጽፌ እሰጣችኋለሁ» ብዬ አመለጥኩ። ይኸው ሁሉንም አንድ ላይ።

ጥያቄ (የአይሱዙ ሹፌር)፦ ሌሊት ነው የምነዳው። ፈቃድ አለኝ። ሽጉጤ ከሸሚዜ ሥር ትንሽ ብቅ ቢል ምን ችግር አለው? ሌባም አይቶ ይፈራል።

መልስ፦ እስቲ ስሙን ልብ በለው። ሽጉጥ የተባለው ስለሚሸጎጥ ነው። ጠመንጃ ይነገታል፣ ይሄኛው ይሸጎጣል። ሌባ ይፈራል ያልከውም ተገላቢጦሽ ነው፤ ሌባ የሚፈልገው እሱኑ ነው። ከስልክህ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ዕቃ ወገብህ ላይ እንዳለ አሳየኸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብቻውን አይመጣም፣ ከፊትም አይመጣም።

ደግሞ ለሌላው ሰው አስብ። ታክሲ ውስጥ ከጎንህ የተጣበበችው ሴት እጀታውን ብታይ ፈቃድ እንዳለህ በምን ታውቃለች? «ወራጅ አለ» ብላ መውረጃዋ ሳይደርስ ትወርዳለች።

ሰላምታችንንም አትርሳ። ትከሻ ለትከሻ ነው፣ እቅፍ ነው። ሆድህ ላይ ከሰካኸው ያቀፈህ ሁሉ ይነካዋል። በቀኝ ጎን፣ ከዳሌህ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ቃታውን በደንብ በሚሸፍን የቆዳ ማኅደር ውስጥ ይሁን። ሱሪ ውስጥ እንዲሁ መሰካት የፊልም ነው።

ጥያቄ፦ ማካሮቭ ነው ያለኝ። ካዝናውን ካወጣሁት ባዶ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም! ይሄን እየጮህኩ ነው የምመልሰው። የማካሮቭ ካዝና 8 ጥይት ይይዛል። አንዴ ከተቀባበለ ግን አንዷ ከካዝናው ወጥታ በርሜሉ ውስጥ ተቀምጣለች። ካዝናውን ብታወጣም እሷ እዚያው ናት። ማካሮቭ ደግሞ ካዝና ባይኖረውም ይተኩሳል።

አንድ ቀን አንድ ባልደረባችን ሽጉጡን ሊያስረክብ መጣ። ካዝናውን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ባዶ ነው» አለኝ። ሊያሳየኝ ብሎ ቃታውን ሳበ። ጥይቷ የመዝገብ መደርደሪያውን በስታ ግድግዳ ውስጥ ገባች። ማንም አልተጎዳም። የኔ ጆሮ እስከ ማታ ጭው ሲል ዋለ። እሱ ሻይ አምጥተንለት ብርጭቆውን መያዝ አቃተው፤ ግማሹ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዝ። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። ቀጥሎ የላይኛውን አካል ወደ ኋላ ስበህ ያዘውና ውስጡን በዓይንህ እይ። ጨለማ ከሆነ በትንሿ ጣትህ ዳስስ። ቅደም ተከተሉን ካገላበጥከው፣ ማለትም ካዝናው ሳይወጣ ከሳብከው፣ አንዷን አውጥተህ ሌላ ታጎርሰዋለህ። ይሄ ሁሉ ሲሆን አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር፤ ጣትህም ከቃታው ውጭ ይሁን።

እኛ «ባረቀብኝ» ስንል ሽጉጡ በራሱ ፈቃድ ያደረገው እናስመስላለን። በ22 ዓመት ውስጥ ማንም ሳይነካው የባረቀ አላየሁም። ሕጉም «ባረቀብኝ»ን አያውቅም። ሰው ከሞተ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 አለ፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው።

ጥያቄ፦ ሠርግ ላይ ሁለት ቢራ ብቻ ብጠጣስ?

መልስ፦ አንድም። ጠላም ጠጅም ያው ነው። ልትጠጣ ካሰብክ ሽጉጡ ቤት ይቀራል።

ጥያቄ (አንድ አዛውንት)፦ ለሠርግና ለለቅሶ መተኮስ ግን ባህላችን አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ነው፣ አባባ። የአያቴ ቀብር ላይ ሲተኮስ እኔም ነበርኩ። ያኔ ግን ዙሪያው የጤፍ ማሳ ነበር። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ቆመው ቢያዩ እስከ ኮረብታው ድረስ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ዘንበል ብሎ የተተኮሰ የክላሽ ጥይት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ወደ ሰማይ ሄደ ብለን እንረሳዋለን እንጂ ሰማይ አያስቀረውም።

ጥያቄ (አንዲት እናት)፦ ባለቤቴ ሽጉጡን ቁም ሣጥን ላይ ያስቀምጣል። የ6 ዓመት ልጅ አለን። «አይደርስበትም» ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከረሜላ የት ነበር የምትደብቂው? ደርሶበታል አይደል? ወንበር ላይ ትራስ፣ ትራስ ላይ ባልዲ ደርቦ ይወጣል። ቁም ሣጥን ላይ፣ ፍራሽ ሥር፣ ትራስ ሥር የተቀመጠ ሽጉጥ እንደተቀመጠ አይቆጠርም።

የብረት ሣጥን አሠሩ። የትኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ግድግዳ ላይ በብሎን ይታሰር፤ ካልታሰረ ሌባ ከነሣጥኑ ይወስደዋል። ጥይቱ ለብቻው ሌላ ቦታ ይቆለፍ። ቁልፉ ከባለቤትሽ ኪስ አይለይ፤ በር ጀርባ ያለ ምስማር ላይ አይሰቀል። ለልጁም ንገሩት፦ ካየህ አትንካ፣ ውጣ፣ ለትልቅ ሰው ተናገር። ባልሽ ካስቸገረሽ እኔ ጋ ላኪው፤ ቡና አፍልቼ እጠብቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ ፍተሻ ላይ ምን ልበል?

መልስ፦ ባንክ፣ ሆቴል፣ መሥሪያ ቤት በር ላይ «መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አይተህ የለ? ወደዚያ የምትሄድ ከሆነ ይዘህ አትውጣ። ድንገት ከሆነብህ ፈታሹ እጁን ሳያሳርፍብህ ሁለት እርምጃ ቀደም ብለህ ቁም። እጅህ ተዘርግቶ ይታይ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ወንድሜ፣ ፈቃድ ያለው መሣሪያ ይዣለሁ፤ ምን ላድርግ?» በለው። ራስህ አትንካው። «ሽጉጥ አለኝ» እያልክ እጅህን ወደ ወገብህ ከላክ ሰውየው ምን እንዲያስብ ትፈልጋለህ?

ማታ ኬላ ላይ ከሆነ ደግሞ ሞተር አጥፋ፣ የውስጥ መብራት አብራ፣ ሁለት እጅህ መሪው ላይ ይሁን። ፈቃዱንም ከሽጉጡ አትለየው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ግቢ ግን ፈታሽ ባይኖርም አታስገባ።

ጥያቄ፦ ሌባ ሌሊት አጥር ቢዘልብኝስ?

መልስ፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ ሌላ ማምለጫ መጥፋት አለበት፣ መልስህም ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ከዚያ ካለፍክ አንቀጽ 79 ይመጣል፤ ቅጣቱ ሊቀልልህ ይችላል እንጂ ነፃ ነኝ ብለህ አትተማመን። ቴሌቪዥንህን ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው ጀርባውን ሰጥቶሃል፤ እያጠቃህ አይደለም። መብራት አብራ፣ «ሌባ!» ብለህ ጩህ፣ ፖሊስ ጥራ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የጎረቤትህ መኝታ ቤት በየት በኩል ነው? የጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ጥይት አያቆምም።

ጥያቄ፦ ቴክሳስ ያለው ወንድሜ ያለ ፈቃድ ይዞ እንደሚሄድ ነገረኝ። እኛስ?

መልስ፦ ልክ ነው። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላውና ሕጉ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድ እንዲይዝ ፈቅዳለች። እዚያም ግን ባለሱቁ በሩ ላይ የክልከላ ጽሑፍ ከለጠፈ ይዘህ አትገባም። የእኛ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረቱ ፈቃድ ነው። የወንድምህን ቪዲዮ አይተህ ኬላ ላይ አትከራከር።

ጥያቄ፦ የሟች አባቴ ሽጉጥ ቤት ውስጥ አለ። ፈቃዱም አለ።

መልስ፦ ፈቃዱ የአባትህ ነው፤ እንደ ቤት አይወረስም። ሽጉጡን ይዘህ ሳይሆን ወረቀቱን ይዘህ ፖሊስ ጋ ሂድና አስመዝግብ። ለደላላ አትሽጥ። ጓሮም አትቅበር፣ እሱንም ያደረጉ አሉ።

ጥያቄ (በጆሮዬ)፦ እኔ ቶሎ ነው የምናደደው። ሽጉጥ ልያዝ?

መልስ፦ አትያዝ። ይህን መጠየቅህ ያስመሰግንሃል፣ ግን አትያዝ። ሽጉጥ የታጠቀ ሰው መጣላት አይችልም። ረዳቱ 5 ብር መልስ ቢክደው «ይሁን» ብሎ ይወርዳል። ጎረቤቱ አጥሩን አንድ ክንድ ቢገፋበት ዳኛ ፊት ይሄዳል እንጂ አጥሩ ሥር ቆሞ አይሰዳደብም። ሰው ሲሰድበው ቀድሞ ዞር የሚለው እሱ ነው። «ፈሪ» ቢሉትም ይቻለዋል። አንተ ትችለዋለህ?

ጥያቄ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ሽንት ቤት ስገባስ የት ላድርገው?

መልስ፦ ሁላችሁም ሳቃችሁ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ይሄ ነው። ቀበቶ ሲፈታ ሽጉጥ ይወርዳል። የእኛ ሰፈር ሽንት ቤት ደግሞ ጉድጓድ ነው። ቀበቶህን ሳትፈታ ከነማኅደሩ አውጥተህ ደረትህ ላይ፣ ዚፕ ባለው የጃኬት ኪስ ውስጥ አድርግ። መስኮት ጫፍ ላይ አታስቀምጥ፣ ረስተኸው ትወጣለህ። አንድ የማውቀው ሰው ስታር ሽጉጡ እንዲህ ወርዶበት ሁለት ቀን ጉድጓድ ሲያስመጥጥ ከረመ። ሽጉጡ ወጣ፣ በናፍጣ ታጠበ፣ ይሠራል። ሰውየው ግን እስከ ዛሬ «ባለጉድጓዱ» ነው የሚባለው።