ሾርት ሺፍተር በገዛ ግቢያችን፦ ከባሕር ዳር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ማርሽ ስለማሳጠር፣ ማለትም ማርሽ ስትቀይሩ እጃችሁ የሚሄደውን መንገድ ስለሚያሳጥረው ሾርት ሺፍተር የጠየቃችሁኝን በየተራ እመልሳለሁ። አቋሜን ግን ከመጀመሪያው ልናገር፦ የላላ ማርሽ በማሳጠር አይድንም። መጀመሪያ ልቅነቱ ከየት እንደመጣ እንፈልግ፣ ዕቃ መግዛቱ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ጥያቄ፦ ሾርት ሺፍተር የሚባለው ነገር ምኑን ነው የሚቀይረው?

የማርሹ ዘንግ በመሃሉ ኳስ ላይ ይዞራል። ከኳሱ በላይ ያለው ለእጅህ ነው፣ ከታች ያለው ደግሞ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ያንቀሳቅሳል። ላይኛው 20 ሴንቲ ታችኛው 4 ሴንቲ ቢሆን፣ ካምቢዮው ጋ 2 ሴንቲ ለማንቀሳቀስ እጅህ 10 ሴንቲ ይሄዳል። ታችኛውን 5 ሴንቲ ስታደርገው 8 ሴንቲ ይበቃሃል። መንገዱ በ20 በመቶ አጠረ ማለት ነው። ግን በነፃ አይደለም፣ የምትገፋበት ጉልበት በ25 በመቶ ይጨምራል። ሻጮች ይህችን ሁለተኛዋን ቁጥር ሲናገሩ አልሰማም፣ እኔ ግን ብር ከማውጣታችሁ በፊት እንድታውቋት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ሲቪክ አለኝ። ሁለተኛና ሦስተኛ ሳስገባ ይፈጫል። ሾርት ሺፍተር ባስገባለት ይቆማል?

አይቆምም ወንድሜ፣ እንዲያውም ይብስበታል። ካምቢዮው ውስጥ ሲንክሮ የሚባሉ ቀለበቶች አሉ፣ ሥራቸው ማርሹ ከመግባቱ በፊት የሁለቱን ጥርሶች ፍጥነት ማስተካከል ነው። ለዚህ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋሉ። የዘንጉ መንገድ ስላጠረ ያ ጊዜ አይቀንስም፣ አንተ ግን በአጭር ዘንግ የበለጠ ትቸኩላለህ፣ ቀለበቱም ቶሎ ያልቃል።

መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን አስፈትሽ። ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦም ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀ ሁሉም ማርሽ ይከብዳል፣ የኋላ ማርሽ ደግሞ ይጮሃል። በዘይት የሚሠራ ፍሪሲዮን ከሆነ አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የካምቢዮውን ዘይት ተመልከት። ሱቅ ሄደህ «የካምቢዮ ዘይት» ብለህ ብቻ አትግዛ። ጂኤል 4 እና ጂኤል 5 የሚባሉ ደረጃዎች አሉ። ለዲፈረንሻል የሚሠራው ጂኤል 5 ለሲንክሮ በጣም ሊያንሸራትት ይችላል፣ አንዳንዱም የነሐስ ቀለበቶችን ይጎዳል። የሲቪክህ አምራች ሆንዳ ደግሞ ለማንዋል ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው። የመኪናህ መጽሐፍ የሚለውን ተከተል። ፍሪሲዮኑም ዘይቱም ደህና ሆነው አሁንም ከፈጨ ካምቢዮው ይከፈት፣ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ጥያቄ፦ የእኔ ኮሮላ አይፈጭም፣ ግን ዘንጉ ገንፎ የማማስል ነው የሚመስለው። ስንተኛ ላይ እንዳለሁ አላውቅም።

የአንተ ችግር በጣም የተለመደ ነው፣ መፍትሔውም ርካሽ ነው። ጎሚኒዎቹ፣ ማለትም መጋጠሚያዎቹ ላይ ያሉት ላስቲኮች፣ አልቀዋል። ሞተሩን አጥፋና ሦስተኛ አስገባ፣ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ ነቅንቀው። ጓደኛህ ኮፈኑን ከፍቶ ካቦዎቹ (ዘንጉን ከካምቢዮው የሚያገናኙት የብረት ገመዶች) ካምቢዮው ላይ የሚያያዙበትን ጫፍ ይመልከት። ዘንጉ እየተንቀሳቀሰ ጫፉ ዝም ካለ ልቅነቱ መሃል ላይ ነው፣ ማለትም የካቦው ጫፍ ጎሚኒ ወይም የዘንጉ መቀመጫ። በጢስ ዓባይ መንገድ የምትመላለሱ ደግሞ አቧራው ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ስለሚበላው ቶሎ ያልቅባችኋል። የዘንጉ የጎማ ሽፋን ከተቀደደ አብራችሁ ቀይሩት።

ላስቲኩን በፖሊዩሬቴን (ጠንከር ያለ ፕላስቲክ) ወይም በብረት ብትተካው ማርሹ ጥርት ብሎ ይገባል፣ ንዝረቱም በዚያው ልክ እጅህ ላይ ይመጣል። ለዕለት ተዕለት መኪና ፖሊዩሬቴን ይበቃል። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚይዘውን ድጋፍ፣ ሱፖርቶውንም እይ፣ እሱ ከተሰነጠቀ ነዳጅ ስትሰጥና ስትለቅ ዘንጉ አብሮ ይወዛወዛል።

ጥያቄ፦ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ከምጠብቅ ቶርኖ ቤት ወስጄ ዘንጉን ባስቆርጠውና ባስበይደውስ?

አታድርገው። የተበየደ ዘንግ የሚሰበረው ግቢህ ውስጥ ቆሞ ሳለ አይደለም፣ አጥብቀህ ስትስበው ነው። ዓባይ በረሃን ስትወርድ ማርሽ ቀንሰህ በሞተር መያዝ አለብህ፣ እዚያ ላይ ዘንጉ እጅህ ላይ ቢቀር አስበው። የቶርኖ ልጆቹን ግን ለሌላ ነገር ተጠቀምባቸው፦ ያለቀ ጎሚኒ ወስደህ በናይሎን ልኩን ያወጡልሃል። ጎበዝ ባለሙያ ካገኘህ ከገበያው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ስዊፍት ስፖርት ነው የምነዳው። ሽምብጥ ግቢያችን ውስጥ ራሴ ልሠራው እችላለሁ ወይ?

ትችያለሽ እታለም! በካቦ የሚሠራ ስለሆነ አብዛኛው ሥራ መኪናው ውስጥ ነው። ቦታው ሜዳ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ያዢ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጊ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ ተይው። ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቺና ትንሽ ጠብቂ። ብዙ መኪና ላይ የኤርባጉ መቆጣጠሪያ ኮንሶሉ ሥር ነው፣ ባትሪው ተያይዞ ገመድ እንዳትነቅዪ። እጀታውን አዙረሽ አውጪ፣ ኮንሶሉን አንሺ። አሁን ምንም ከመንካትሽ በፊት ፎቶ አንሺ፣ ካቦዎቹ የተቀመጡበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጊበት፣ ምክንያቱም ወደ በኋላ የሚያስለቅሰው ይህ ነው። ክሊፖቹን በካቻቢቴ ቀስ ብለሽ አላቅቂ፣ መቀመጫውን የያዙትን ብሎኖች ፍቺ፣ አዲሱን ኳሱን ግራሶ ቀብተሽ አስገቢ።

ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ያላችሁ፣ የእናንተ ዘንግ ቀጥታ ካምቢዮው ላይ ነው የተተከለው፣ ስለዚህ ሲከፈት አንዲት ጠጠር እንኳ እንዳትገባ ዙሪያውን አስቀድማችሁ ጥረጉ። ቶዮታ 86 ያላችሁ ግን ከሥር መግባት ሊኖርባችሁ ይችላል። በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር አትግቡ፣ ድንጋይም አትደርድሩ። ካባሌቶ (መኪናውን የሚሸከም የብረት መቆሚያ) ከሌላችሁ ጋራዥ ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ከባድ እጀታስ? ዝም ብሎ ጌጥ ነው?

ጌጥ አይደለም። ክብደቱ ማርሹን ራሱ ይዞ ይገባል፣ በአጭር ዘንግ የጨመረውን ጉልበትም ያካክሳል። እጀታው የሚታሰርበትን የብሎን ጥርስ ብቻ በሚሊ ለዩ፦ ሆንዳ 10 በ1.5፣ ማዝዳ 10 በ1.25፣ ቶዮታና ሱባሩ 12 በ1.25። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ በጎን ብሎን የሚጠብቀውን አልወደውም፣ ይላላል። ብረት ከሆነ ደግሞ በእኛ የሚያዝያ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ አይያዝም፣ ቆዳ የለበሰ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ላሳጥረው?

ከ20 እስከ 30 በመቶ። ከዚያ በላይ ለውድድር ነው። ከፔዳ እስከ ፖሊ በባጃጅ መሃል ስትቆምና ስትነሣ ክንድህ ይደክማል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከምትደክሙ አዲስ መኪና መግዛት አይቀልም?

አባቴ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. እኮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። የሚገቡት የኤሌክትሪክ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ በእጅ የሚቀየር ማርሽ የላቸውም ማለት ይቻላል። ማርሽ የምንወድ ሰዎች ያለንን መንከባከብ ነው የሚያዋጣን።

ጥያቄ፦ ቀይሬ ጨረስኩ፣ አምስተኛና የኋላ ማርሽ ግን እምቢ አሉ። ዘንጉ ተበላሽቶ ይሆን?

ዘንጉ ደህና ነው፣ ካቦው ነው ያልተስተካከለው። በተለይ ግራና ቀኝ የሚወስደው። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርግ፣ የካቦውን ማስተካከያ ፍታው፣ ዘንጉ ቀጥ ብሎ መሃል ላይ ሳለ መልሰህ እሰረው። ጎልፍ 4 እና 5 ላይ ዘንጉን ለማሰር 4.5 ሚሊ መሰርሰሪያ የምታስገባበት ቀዳዳ አለ፣ ካምቢዮው ጋ ያለውንም መቆለፊያ ተጭነህ ታዞራለህ። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉንም ማርሽ አስገብተህ አውጣ፣ ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥተህ ፍሪሲዮን ረግጠህ ድገመው። አንዱ እንኳ ካመነታ ከግቢ አትውጣ። ኮንሶሉን የምትገጥመው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።