ለወጣት ካርቱኒስቶች፦ ከአለቃው ፊት ይልቅ ገመዱን ሳሉ

አንዲት የደብረ ብርሃን ተማሪ «የምርምር ቁጥር በአለቃ ትእዛዝ ሲቀየር በካርቱን መሟገት ይቻላል ወይ?» ብላ ጠይቃለች። ይቻላል። ጥያቄዋ ግን የሙያውን አሮጌ ጸጸት የሚቀሰቅስ ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ ከገበሬዎቻችን ማሳና ገበያ የስንዴና የገብስ ዘር ሰበሰበ። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ መዘገባት። በአገሩ ግን ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የግብርና ባለሙያ ጄኔቲክስን፣ ማለትም የዘር ውርስን ሳይንስ፣ ክዶ በስታሊን ድጋፍ ገነነ። ቫቪሎቭ በ1940 ታሰረ፤ ስለ እህል ሲደክም የኖረው ሰው በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ረሃብ አጎሳቁሎት ሞተ። በ1948 ጄኔቲክስ በይፋ ተወገዘ። በዓመቱ ኦጎንዮክ የተባለው የሞስኮ መጽሔት ተመራማሪዎቹን «ዝንብ ወዳዶች፣ ሰው ጠሎች» የሚል ጽሑፍ አወጣባቸው። ሥዕሉን የሠራው ቦሪስ ዬፊሞቭ ነበር፤ በዘመኑ ከሶቪየት ስመ ጥር ካርቱኒስቶች አንዱ።

ይህን ደጋግማችሁ አስቡት። የእጅ ጥበብ አልጎደለውም። ላቦራቶሪ ውስጥ የውርስ ሕግ የተጠናባትን ትንሽ ዝንብ መሳለቂያ አደረጋት። የሳይንስ መሣሪያ ለውጭ ሰው ሁልጊዜ ተራ ነገር ይመስላል፤ ዝንብ፣ ገመድ፣ ወንፊት፣ ሚዛን። የባለሥልጣን ካርቱኒስት የሚያጠቃው በዚሁ በኩል ነው። የእናንተ ሥራ ተቃራኒው ነው፦ ያችን ተራ መሣሪያ ተመልካች እንዲያውቃትና እንዲቆረቆርላት ማድረግ። የዛሬ ወጣቶች የአለቃ ቦርጭና አፍንጫ ማተለቅ ትወዳላችሁ። ሰዉ ይስቃል፤ ቁጥሩ ግን እንደተበላሸ ይቀራል።

ጅሩ ላይ አንድ የስንዴ ማሳ አለ እንበል። ባለሙያው በዕጣ በወጣለት ቦታ 4 ሜትር በ4 ሜትር በገመድ ከልሎ ያጭዳል፣ ይወቃል፣ አድርቆ ይመዝናል። ከዚያች 16 ካሬ ሜትር 4 ኪሎ ከተገኘ በሄክታር 25 ኩንታል ማለት ነው። ሪፖርቱ ላይ 40 ተብሎ ከተጻፈ ከዚያው ክልል 6 ኪሎ ከ400 ግራም መገኘት ነበረበት። ካርቱኑ እዚህ አለ፦ አራት ችካል፣ የተወጠረ ገመድ፣ አንዱን ችካል ነቅሎ ወደ ጎረቤት ማሳ የሚጎትት ባለ ከረባት እጅ። ፊት አያስፈልግም። ገበሬ ችካል መንቀል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ድንበር መግፋት ነው።

በአሜሪካም በ2005 አንድ የዋይት ሀውስ ሹም የአየር ንብረት ሪፖርቶችን በእጁ ሲያርም እንደነበር ተጋልጧል፤ ቀድሞ የነዳጅ ኩባንያዎች ማኅበር ጠበቃ የነበረ ሰው ነው። እዚያ ገመዱ እስክሪብቶ ነበር። የአገሩ ሳይንቲስቶች ማኅበር በ2006 በዚሁ ጉዳይ የካርቱን ውድድር ከፍቶ ተመራጮቹን የቀን መቁጠሪያ ላይ አትሟል።

ጽሑፍ አታብዙ፤ ከስምንት ቃል በላይ ካስፈለገ ሐሳቡ ገና አልበሰለም። ቁጥሮቹ ግን ይጻፉ፤ «25» እና «40» ሳይታዩ ነገሩ ተረት ይሆናል። ባለ 80 ግራም የኮፒ ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ መስመሩ ይዘረጋል፤ 200 ግራም ገደማ የሚመዝን ወረቀት ግዙ። ዋናው መስመር በ0.8፣ ጥላው በ0.3 ሚሊሜትር እስክሪብቶ ይሁን። ጥላን በጭረት እንጂ በበጠበጣችሁት ቀለም አትሥሩት፤ ጋዜጣ ላይ ጭቃ ይመስላል። ፊደሉ ሲያንስ የ«ሲ» እና የ«ሴ» ቅጥያ ይጠፋልና ከ4 ሚሊሜትር አታሳጥሩት። ስካን ስታደርጉ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይሁን።

ፊት አያስፈልግም ብያለሁ፤ ግድ ከሆነባችሁ ግን የአብያተ ክርስቲያናቱን ሥዕል ተመልከቱ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ደጉን በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎኑ አዙረው በአንድ ዓይን ይስሉ ነበር። የመንዝም ሆነ የአንኮበር ሰው ሳይነገረው ያነበዋል። ብሔርን ወይም እምነትን የሚያስታውስ ምልክት ግን ፈጽሞ አይግባ፤ ክርክሩ ከሚዛኑ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ቁጥሩን የሰጣችሁን ባለሙያ ማጋለጥ ነው። ያልታረመውን ወረቀት ያዩት ሦስት ሰዎች ብቻ ከሆኑ ካርቱኑ ጣት መጠቆሚያ ይሆናል። ቁጥሩ በስብሰባ ወይም በሌላ ሰነድ እስኪወጣ ጠብቁ። እናንተ ቶሎ መለጠፍ ትወዳላችሁ፤ አንድ ሰው ከሥራው ከሚባረር ካርቱኑ አንድ ወር ቢዘገይ ይሻላል። የሐሰተኛ መረጃ አዋጁን ቁጥር 1185/2012ንም አንብቡ፤ የሰነዱን ቅጂ ከሥዕሉ ጋር አስቀምጡ።

ሲያልቅ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ የስልክ ስክሪን እስኪያክል አሳንሱት፤ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አሳዩና ምን እንዳየ ጠይቁት። «ሰውየው ማነው?» ካለ እንደገና ሳሉ። «ችካሉን ለምን ነቀለው?» ካለ አውጡት።