«ይቀዝቅዝ» ወይስ «ይርጋ»?

ጥያቄ፦ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለአዲስ ሠራተኞች በአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። «የደም ናሙናው ከ80 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «ያሻማል፣ ‹ይርጋ› በለው» አለችኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ማሻማቱስ ያሻማል። «ይርጋ» ግን የባሰ ነው።

«ቀዘቀዘ» ሰፊ ቃል ነው። ሻይም ይቀዘቅዛል፣ ፍሪጅ የገባ ውሃም፣ ድንጋይ የሆነ ሥጋም። ለቤት ይበቃል፤ ለላብራቶሪ ግን አይበቃም። «ደሙን አቀዝቅዘው» የተባለ ጀማሪ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ፋንታ ፍሪዘር ቢከተው፣ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ይፈነዳሉ። ሲቀልጥ ለብዙ ምርመራ አይሆንም። ለፍሪጅ «ቀዝቅዞ ይቆይ»፣ ለፍሪዘር «በረዶ ሆኖ ይቀመጥ» ይበሉ።

«ረጋ» ለቅቤ ያምራል። ደም ላይ ሲመጣ ግን ከቅዝቃዜ ጋር አይገናኝም። እናንተ ዘንድ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሴረም፣ ማለትም ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ፣ የሚገኘው ደሙ ቱቦው ውስጥ ከረጋ በኋላ ነው። ፕላዝማ፣ ማለትም ያልረጋ ደም ፈሳሽ ክፍል፣ ሲፈለግ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ያለበት ቱቦ ይያዛል። ይህን ቃል ለፍሪዘር ከሰጡት፣ ለዚያ ሥራ ምን ሊሉ ነው?

ቁጥሩም ይታሰብበት። «ከ80 በታች» ሲባል አንዱ ማይነስ 100ን፣ ሌላው ማይነስ 60ን ያስባል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው ዓረፍተ ነገሩ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ደሙ ረግቶ ሴረሙ ከተለየ በኋላ፣ ሴረሙ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ በረዶ ሆኖ ይቀመጥ።» ሲያወጡትም «ይቅለጥ» እንጂ «ይሟሟ» አይባልም። የሚሟሟው ስኳርና ጨው ነው።

ፈሳሽ ናይትሮጅን የምትጠቀሙ ከሆነ «ውስጥ» የምትለውን ቃል አደራ። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። «ቱቦው ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጥ» ያሉት ሰው ፈሳሹ ውስጥ ይነክረዋል። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ናይትሮጅኑ ሰርጎ ይገባል፤ ቱቦው ወጥቶ ሲሞቅ ወደ ጋዝ ይለወጥና ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል፣ ያውም ሰው ፊት ላይ። ስለዚህ «ቱቦው ከፈሳሹ በላይ፣ ትነቱ ባለበት ይቀመጥ» ብለው ይጻፉ።