ለአስፈሪ ፊልም ቤት ፍለጋ ለምትወጡ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

የድራኩላን ታሪክ ወይም የአያቶቻችንን የጭራቅ ተረት ወደ ፊልም ለማምጣት ስትነሱ መጀመሪያ የምትፈልጉት መልኩ የሚያስፈራ ቤት ነው። መልኩን ለጊዜው ተዉትና ቤቱ በታሪኩ ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው ጠይቁ። የድራኩላ ግንብ የሚያስጨንቀው እንግዳው በገዛ እግሩ ገብቶ መውጫ ስለሚያጣበት ነው። ይህን ሥራ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ጅምር ፎቅ ከኮምፔልሳቶ ከተሠራ ግንብ አብልጦ ይሠራዋል። ተመልካቹ በእንዲህ ያለ ሕንፃ አጠገብ በየቀኑ ያልፋል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስም ያስታውሰዋል። በ1922 እ.ኤ.አ. የወጣው ኖስፌራቱ የተባለው የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ያንኑ ታሪክ ሲወስድ፣ ለጭራቁ የከተማ ቤት ያደረገው በሉቤክ ከተማ ያሉትን አሮጌ የጨው መጋዘኖች ነበር።

የጭቃ ቤት ከመረጣችሁ መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ። ካሜራው ዝቅ ብሎ ሲያነሳ ኮርኒሱ ይታያል፤ ዝቅ ያለ ኮርኒስ ደግሞ ሰውን ይጫነዋል። ከሌለ በ2 ሜትር ከ20 ከፍታ ሽቦ ወጥሩና በሻይ የተነከረ አቡጀዲ ዘርጉበት። አቡጀዲ ድምፅ ስለሚያሳልፍ ማይክሮፎኑን ከላይ መደበቅ ይቻላል። ኩራዝ ግን ከጨርቁ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፣ አሸዋ የሞላ ባልዲም በር ላይ ይቀመጥ።

በኖራ የነጣ ግድግዳ የኩራዙን ብርሃን ለክፍሉ ሁሉ ያካፍለዋል፤ ጥላ አይቀርም። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በቀጭን ጭቃ ለቅልቁት፤ ነገር ግን እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥብ ጭቃ ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይነጣል፤ ሰኞ የቀረጻችሁት ከረቡዕ ጋር አይገጥምም። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር ከሆነ ካሜራ ወደ ኋላ መሸሻ ስለሌለው፣ የሁለት ክፍሎች በር ፊት ለፊት የሚተያይበትን ቤት ፈልጉ።

የቆርቆሮ ጣሪያ ረፋድ ላይ ሲሞቅ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይንጣጣል። ንግግር ያለበትን ትዕይንት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አድርጉት። ጄኔሬተሩ ከቤቱ 80 ሜትር ያህል ርቆ ከግንብ ኋላ ይቀመጥ፤ ገመዱ ወፍራም ይሁን፣ ቀጭን ከሆነ መብራቱ ይደክማል። ለክረምት ጊዜ ምንም መድኃኒት የለም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ቅረጹ።

ምሽታችን አጭር ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው 20 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከሁለት ሾት በላይ አትመኙ። ተዋናዩ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለብሶ ይቁም።

ለጫካ ደግሞ ባሕር ዛፍ በመስመር የተተከለበትን አትምረጡ፣ ግንዱ ቀጭን ስለሆነ ሰው አይደብቅም። ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቆጠው ጥቅጥቅ ይላል። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ጽድ ጨለማው ያምራል፤ ሆኖም ሰዎች ሙታናቸውን ያሳረፉበት ስፍራ ስለሆነ ጭራቅ አይቀረጽበትም።

ፈቃድ ከወረዳውም ከጎረቤቱም ያዙ። ሌሊት ጩኸት የሰማ ጎረቤት ዱላ ይዞ ይመጣል፣ ደግሞም ልክ ነው።

የጅብ ድምፅ በኮምፒውተር አትጨምሩ። የዳር ከተማ ሰው ጅብን ለምዶታል። የሚያስደነግጠው የሰፈሩ ውሾች በአንድ ጊዜ ዝም ሲሉ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ ድምፅ ቀራጩ ብቻውን ይቅርና የውሾቹን ጩኸት 10 ደቂቃ፣ ባዶውን ቤት 2 ደቂቃ ይቅዳ።