የድንጋዩ ጣዕም ወይኑ ውስጥ ይገባል?

ጥያቄ፦ ነጭ ወይን የምገዛበት ሱቅ ባለቤት የሞዘል ሪዝሊንግ (የጀርመን ነጭ ወይን) ሲያቀምሰኝ «ድንጋዩ ተሰማሽ?» ይለኛል። ሻብሊ (የፈረንሳይ ነጭ ወይን) ሲሆን ደግሞ «የባሕር ዛጎል» ይላል። እኔን የሚሰማኝ ሎሚ ሎሚ የሚል ነገር ብቻ ነው። እውነት አፈሩ ይቀመሳል? ወይስ ለማሻሻጥ ነው?
አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ምላስዎን ይመኑት። የወይን ሥር ከመሬት የሚስበው ውሃና በውሃ የሟሙ ጥቂት ማዕድናትን ነው። ወይኑ ውስጥ የሚደርሰው መጠን በምላስ አይለይም። የሥነ ምድር ምሁሩ አሌክስ ማልትማን ይህንን ሲያስረዱ ኖረዋል። ክብሪት ሲጫር የሚመስለው ሽታ እንኳ በአብዛኛው ወይኑ ሲብላላ ከሚፈጠሩ የድኝ ውህዶች ነው የሚመጣው።

ባለሱቁ ግን ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። አፈሩ ሥራ አለው። የሚሠራው በውሃና በሙቀት በኩል ነው።

ሪዝሊንግ በሚበቅልበት በሞዘል ወንዝ ሸለቆ በለቀማ ሰሞን ሠርቻለሁ። ዳገቱ ጉልበት ይጨርሳል። ብሬም መንደር አጠገብ ያለው ካልሞንት የተባለ የወይን እርሻ እስከ 65 ዲግሪ ያጋደለ ነው፤ ለቀማው በእጅ ነው። እግር የሚረግጠው ስስ ስስ ሆኖ የሚሰነጠቅ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ነው፤ እዚያ ሺፈር ይሉታል። ቀን ፀሐይ ያግለዋል። ማታ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ እንደሚቆይ ምጣድ፣ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለቃል። አገሩ ለወይን ብርዳማ ስለሆነ ይህ ሙቀት ለፍሬው ትልቅ ነገር ነው። ዝናቡም አይተኛበትም፤ ቶሎ ሰርጎ ይወርዳል። ሥሩ ውሃ ፍለጋ በስንጥቁ ወደ ታች ይገባል። ፍሬው ሳይቸኩል ይበስላል፤ ስኳሩ ሲጨምር ኮምጣጣነቱ አይጠፋም። ሎሚ ያሉት እሱ ነው። ለእኔ የሪዝሊንግ ክብሩ እዚያ ላይ ነው።

የሻብሊ መሬት ኖራ የበዛበት ሸክላ ነው። ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ኦይስተር የሚባል የባሕር ዛጎል ጥቃቅን ቅሪተ አካል ሞልቶበታል። አንዱን አንስተው ቢልሱት ምንም አይልም። የወይኑ ስልነት በይበልጥ ከብርዱ የመጣ ነው። በስተደቡብ ፑዪ ፉዊሴ በተባለው አካባቢም ሻብሊ የሚሠራበት ያው ሻርዶኔ የተባለ የወይን ዝርያ ኖራማ መሬት ላይ ይበቅላል። ግን ሞቅ ስለሚል ወይኑ ወፈርና ለስለስ ይላል።

የአፈሩን ነገር ራስዎ መፈተሽ ከፈለጉ፣ ከአንድ አምራች የአንድ ዓመት ሁለት ካቢኔት (ቀለል ያለው የጀርመን ወይን ደረጃ) ሪዝሊንግ ይግዙ። አንዱ ቬሌነር ዞነንኡር ከተባለው የሞዘል የወይን እርሻ ይሁን፣ ድንጋዩ ሰማያዊ ግራጫ ነው። ሌላው ከኡርትሲገር ቩርትስጋርተን፣ መሬቱ ቀይ ነው። ቦታዎቹ አይራራቁም። መጀመሪያ ያለ ምግብ ይቅመሷቸው፤ በርበሬ ልዩነቱን ይሸፍነዋል። የተረፈውን ከወጥ ጋር ይጠጡት። የካቢኔት አልኮል ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 9 በመቶ ነው፤ ለስለስ ያለው ጣፋጭነቱም የበርበሬውን ቃጠሎ ያበርዳል። ጠርሙሱ ላይ «ትሮከን» የሚል ካለ ግን ጣፋጭ አይደለም፤ ለወጥ አይሆንዎትም።