ነርስ በስልክ እናቴን መከታተል ትችላለች?

ጥያቄ፦ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት ጭስ ስትጋግር ኖራ አሁን ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ አለባት ተባለ። ከጎንደር አዘዞ ሆስፒታል መመላለሱ ያደክማታል። አንዲት ነርስ በስልክ ልከታተላት አለችን። ያዋጣል ወይ?

መልስ፦ ያዋጣል እህቴ፣ ግን ነርሷ መጀመሪያ የእናትሽን የወትሮ ሁኔታ ማወቅ አለባት፦ ምን ያህል ሲራመዱ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው፣ አክታቸው ምን እንደሚመስል፣ ሌሊት በስንት ትራስ እንደሚተኙ። ያኔ ለውጥ ሲመጣ ቶሎ ይገባታል። አክታው ከበዛ ወይም ወደ ቢጫና አረንጓዴ ከተለወጠ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ደውይላት።

ፓፉን (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) ሲወስዱ ነርሷ በቪዲዮ ትያቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትንፋሽን አስወጥቶ፣ እየተጫኑ ቀስ ብሎ በጥልቀት መሳብ፣ ከዚያ እስከ 10 ሰከንድ ይዞ መቆየት። ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ ቁጥሩን ከራሳቸው የወትሮ ቁጥር ጋር ታስተያየው፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የቆላ ሰው ቁጥር ለእሳቸው አይሆንም።

ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ማውራት ካቃታቸው ወይም ግራ ከተጋቡ ግን ስልኩን ተይው፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። እና እባክሽ፣ ከእንግዲህ ምጣዱ አጠገብ አይቀመጡ።